አሜሪካ ያለው አከፋፋይ «ብራንዱን በእኔ ስም ላስመዝግበው» ይለኛል፤ ልስማማ?

የበርበሬ ልጅ (ክሩን የከፈተች)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምሠራው ባሕር ዳር ነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ እና የዘጌ ቡና አዘጋጅተንና አሽገን እንሸጣለን። ሥራውን የጀመረችው እናቴ ናት። እኔ የገባሁት ማሸጊያና ላቤል የሚባል ነገር ሲመጣ ነው። ሱቃችን ፋሲሎ አካባቢ ነው። የብራንዳችንን ስም ግን እዚህ አልጽፈውም፤ ለምን እንደሆነ አሁን ይገባችኋል።

እስካሁን ወደ ውጭ የሚሄደው በሻንጣ ነበር። ለበዓል የመጣ ዘመድ ሁሉ ሲመለስ ሽሮ ሳይዝ አይሄድም። አሁን ግን ሜሪላንድ ውስጥ ለሀበሻ ሱቆች የሚያከፋፍል ሰው አገኘንና በካርጎ ልንልክለት ተስማማን። ዋጋ ላይ ተግባብተናል፤ ናሙናውንም ወዶታል። ትናንት ደውሎ ምን አለኝ፦ «ስሙ እዚህ አገር መመዝገብ አለበት። አንቺ ከዚያ ሆነሽ ስለማትችይ በእኔ ድርጅት ስም ላስገባው። ወጪውን እኔ እችላለሁ። በኋላ ወደ አንቺ እናዞረዋለን።»

ሰውየው ክፉ አይመስለኝም። የአክስቴ ባል ያውቀዋል። ግን ቅር አለኝ። እኛ የንግድ ፈቃድ አለን፤ የንግድ ስማችንም ንግድ ቢሮ ተመዝግቧል። ይሄ አይበቃንም? ወይስ እሱ እንዳለው ይሁን? የምታውቁ ምከሩኝ።

ጢስ ዓባይ

እንዳትፈርሚ። ሌላውን የሚያውቁት ያብራሩልሽ፤ አንቺ ብቻ እንዳትፈርሚ።

ባለባጃጁ

ኧረ ቀስ በሉ። ሰውየው ከኪሱ አውጥቶ ላስመዝግብልሽ ነው ያላት። ሁሉን ሰው ሌባ ካደረግነው ማን ከማን ጋር ይነግዳል? ደሞስ የባሕር ዳር ሽሮ ስም ማን ይሰርቃል?

ሕግ ቀመስ

ባለባጃጁ፣ ሌባ ነው ያለ የለም። የሰውየው ጠባይ እዚህ ውስጥ አይገባም። ነገሩ ወረቀቱ ላይ የማን ስም ይሰፍራል ነው። ሰውየው ደግ ሆኖ ሳለ ድርጅቱ ሊከስር ይችላል፣ ሊሸጥ ይችላል፤ እሱም ከሚስቱ ሊፋታ ወይ ሊሞት ይችላል። ያኔ ብራንዱ እንደ መጋዘኑና እንደ መኪናው የእሱ ንብረት ተብሎ ይቆጠራል። «እናዞረዋለን» ያለውን ቃል አበዳሪዎቹም ወራሾቹም አያውቁትም።

ወደ አንቺ ልምጣ እህቴ። የንግድ ስምና የንግድ ምልክት ይለያያሉ። ንግድ ቢሮ የመዘገበልሽ ድርጅትሽ የሚጠራበትን ስም ነው። ፓኬቱ ላይ ያለው ስምና ሎጎ ግን የንግድ ምልክት ነው። የሚመዘገበውም በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ሕጉ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው፤ በእሱ መሠረት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው። ጥበቃው 7 ዓመት ይቆያል፤ ከዚያ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። ይህን ካላደረግሽ ከእሱ ጀምሪ። እዚህ ከተማ ብዙ ነጋዴ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ንግድ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ብራንዱም የተጠበቀለት ይመስለዋል።

እሱ ሰርተፊኬት ደግሞ ከቦሌ አያልፍም። የንግድ ምልክት መብት በየአገሩ ነው። ባሕር ዳር ላይ ስንት ዓመት ብትሸጪ ለአሜሪካ አይቆጠርልሽም።

አሁን ሰውየው ስላለው። አንዱ እውነት ነው። መኖሪያው ከአሜሪካ ውጭ የሆነ አመልካች እዚያ አገር ፈቃድ ባለው ጠበቃ በኩል ነው የሚያመለክተው፤ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2019 ጀምሮ ግዴታ ነው። «ከዚያ ሆነሽ አትችይም» ያለው ግን ልክ አይደለም። ጠበቃው ወኪልሽ ነው እንጂ ባለቤት አይሆንም። «ባለቤት» የሚለው ቦታ ላይ የአንቺ ስም ወይም የድርጅትሽ ስም ይገባል። ባሕር ዳር መሆንሽ አይከለክልሽም። ገና አንድ ፓኬት እንኳ ሳትሸጪ «ልጠቀምበት አስቤያለሁ» ብለሽ ማመልከት ትችያለሽ። ሰርተፊኬቱ የሚሰጥሽ ግን ዕቃው እዚያ መሸጡን ስታሳዪ ነው፤ ለምሳሌ ስሙ ያለበትን ለሽያጭ የቀረበ ፓኬት ፎቶ አንስተሽ።

ደግሞ በአሜሪካ ሕግ ማመልከቻ የሚያስገባው የምልክቱ ባለቤት ነው። አከፋፋይ ዕቃ ስላስገባ ብቻ ባለቤት አይሆንም። ባለቤት ያልሆነ ሰው ያስገባው ማመልከቻ ከመነሻው ዋጋ የለውም። ባለቤት ሊያደርገው የሚችለው የአንቺ የጽሑፍ ስምምነት ነው። ስለዚህ ነው ጢስ ዓባይ «እንዳትፈርሚ» ያለሽ።

ሸማ ሻጭ

የአጎቴ ልጅ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ እታለም። ጥበብ ቀሚስና ነጠላ ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር። ሽመናው እዚሁ፣ ጥልፉም እዚሁ። እዚያ ሆኖ የሚቀበለው ሰው ስሙን በራሱ ስም አስመዘገበና ነገረው። የአጎቴ ልጅ ጭራሽ «ጎበዝ፣ ድካም ቀነስክልኝ» ብሎ በጽሑፍ አመሰገነው።

ንግዱ ጥሩ ሄደ። ኋላ ክፍያ እየዘገየ ሲሄድ ተጣሉ። የእኛው ሰው ዕቃውን ለሌላ ነጋዴ ላከ። ጭነቱ ጉምሩክ ላይ ተያዘ። ምነው ቢል፣ ሐሰተኛ ዕቃ ነው ተባለ። አስቢው እስቲ! የራሱ ቀሚስ፣ አንገቱ ሥር እሱ ራሱ ያሰፋው ላቤል፣ ፎርጂድ ሲባል። ለገና የታዘዘ ነበር። ገናው አለፈ።

እዚህ መጋዘን የቀረውን ምን እንዳደረጉት ታውቂያለሽ? ሴቶቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠው ላቤሉን በምላጭ ፈቱት። ጨርቁን ላለመንካት ክሩን አንድ በአንድ ነው የሚበጥሱት። አንዳንዱ ቀሚስ ላይ ነጭ በነጭ ስለተሰፋ ክሩ ከጨርቁ አይለይም። ተቀደደባቸው። ከዚያ በሌላ ስም ላቤል አሠርተው እንደገና ሰፉት። ደንበኛው ግን የሚያውቀው የድሮውን ስም ነው፤ እሱ ስም አሁንም እዚያ ሰውዬ እጅ ነው።

ሕግ ቀመስ

የጎዳው ምስጋናው ነው። ወኪል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በራሱ ስም ሲያስመዘግብ ባለቤቱ ምዝገባውን እንዲቃወም ወይም እንዲያሰርዝ ስለ ንግድ ምልክትና ፓተንት የሚደነግገው ዓለም አቀፉ የፓሪስ ስምምነትም የአውሮፓ ኅብረት ሕግም መንገድ ይከፍታሉ። ቁልፏ ቃል «ያለ ፈቃድ» የምትለው ናት። በጽሑፍ «ጎበዝ» ያለ ሰው ፈቅዷል ተብሎ ይያዝበታል። የበርበሬ ልጅ፣ በቴሌግራም የምትጽፊውም ጽሑፍ ነው። «እሺ» እንዳትይው።

የበርበሬ ልጅ

ወይ ጉድ! «እስቲ ላስብበት» ነው ያልኩት፤ እግዜር አተረፈኝ።

እንግዲያው በራሴ ስም ላስመዝግብ ብል ምን ያህል ያስወጣኛል? በርበሬው ለብቻ፣ ቡናው ለብቻ ነው የሚመዘገበው? ስሙስ በእኛ ፊደል ነው በላቲን? ፓኬታችን ላይ ሁለቱም አለ።

ሕግ ቀመስ

በዚህ እንኳ ዕድለኛ ነሽ። ዕቃዎች የሚመደቡት በዓለም አቀፍ ምድብ ነው፤ በጠቅላላው 45 ምድብ አለ። ክፍያውም በምድብ ነው። ቡና፣ ቅመማ ቅመም፣ የጥራጥሬ ዱቄት፣ ማርም ጭምር 30ኛው ምድብ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣና ቡና በአንድ ክፍያ ያልፋሉ። ነገ ንጥር ቅቤ ልጨምር ካልሽ 29ኛ ነው። የሸማ ሻጭ ዘመድ ቀሚስ 25ኛ ነው። «ለወደፊቱ ይሆነኛል» ብሎ ሁሉንም ምድብ መሙላት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ያልተጠቀምሽበት ምድብ ኋላ ሊሰረዝ ይችላል።

የአሜሪካው የንግድ ምልክት መሥሪያ ቤት ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ መነሻ ክፍያው በምድብ 350 ዶላር ነው። የጠበቃው ለብቻው ነው፤ ከመጀመርሽ በፊት ዋጋውን ቁርጥ አድርጊ። አውሮፓ ኅብረት ለአንድ ምድብ 850 ዩሮ ነው፤ ውድ ቢመስልም አንዱ ምዝገባ 27 አገር ይሸፍናል። እንግሊዝ አሁን እዚያ ውስጥ የለችም። ለንደን የምትልኪ ከሆነ ለብቻ ነው። በእነዚህ በሦስቱም ጋ ዘመኑ 10 ዓመት ነው፤ አሜሪካ ግን ከ5ኛው እስከ 6ኛው ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ «አሁንም እየተጠቀምኩበት ነው» የሚል ማረጋገጫ ትፈልጋለች። ይሄን የሚረሳ ብዙ ነው፤ ሲረሳ ይሰረዛል።

ፊደሉን በተመለከተ፣ ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃሽ እዚያ አገር ያለ ገዢ የሚያነበውን በላቲን የተጻፈውን አስቀድሚ። አጻጻፉ ግን አንድ ይሁን። የእኛ ሰው ላይ የማየው ችግር ይሄ ነው፤ ፓኬቱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ቴሌግራም ገጹ ላይ ሌላ፣ ካርቶኑ ላይ ደግሞ ሦስተኛ። «ጠ»ን እና «ቀ»ን ሁሉም በመሰለው ይጽፈዋል። ከማመልከትሽ በፊት ሁሉንም አጻጻፍ እየቀያየርሽ በዋይፖ (የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት) የብራንድ ማፈላለጊያ ላይ ፈልጊ። ነጻ ነው፤ ከስልክሽም ይሠራል። ከመመዝገቡ በፊት ደግሞ ክብ ውስጥ ያለችውን «አር» ፓኬት ላይ እንዳታትሚ። እሷ ለተመዘገበ ብቻ ናት።

ዘንዘልማ

ጤፋችንስ እንዲሁ አይደል የተወሰደው? ሆላንዶች ስሙን አስመዝግበው ስንት ዓመት ተጫወቱበት።

ፔዳ

ወንድምዓለም፣ የጤፉ ሌላ ነው። እሱ ስም አይደለም፤ ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት የተወሰደ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ መብት ነው። የሆላንዱን ፓተንት ሔግ ያለው ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ውድቅ አድርጎታል። ፓተንት ጊዜው ሲያልቅ ያበቃል፤ የንግድ ምልክት ግን እስከታደሰ ድረስ አያልቅም። ለዚህ ክር የሚቀርበው የቡናው ታሪክ ነው።

በ2005 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሐረር እና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ አመለከተ። ሲዳሞ ላይ ግን የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ ቀድሞ «ሽርኪና ሰን ድራይድ ሲዳሞ» የሚል ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። ቀድሞ ስለገባ ብቻ የእኛው መንገድ ተዘጋ። በዚያ ላይ የአሜሪካ ብሔራዊ ቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ስሞቹ የቡና ዓይነት መጠሪያ ናቸው፣ የማንም ምልክት ሊሆኑ አይችሉም ብሎ። የእርዳታ ድርጅቱ ኦክስፋም ከእኛ ጎን ሆኖ ዘመቻ ከፈተ። ስታርባክስ ማመልከቻውን ተወው፤ በ2007 ከመንግሥት ጋር ተፈራረመ። ሲዳሞ የተመዘገበው በ2008 ነው። አንድ መንግሥት ጠበቃ ይዞ፣ የዓለም ሚዲያ ከኋላው ሆኖ ይህን ያህል ከፈጀበት፣ ፋሲሎ ላይ ያለች ሱቅ ምን ልትሆን ነው?

የዘጌ ልጅ

የበርበሬ ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ብራንድሽ ውስጥ «ዘጌ» የሚል አለ? ካለ ከአሁኑ እንነጋገር። ዘጌ የአንድ ነጋዴ ስም አይደለም። አባቶቻችን ደኑን ሳይነኩ ከዛፍ ጥላ ሥር ያቆዩት ቡና ነው፤ ገዳማቱም እኛም የምንኖርበት። ነገ አንቺ አሜሪካ ላይ «ዘጌ» የእኔ ነው ብለሽ ብታስመዘግቢ፣ የእኔ ወንድም ዘጌ ብሎ ሊልክ ሲል ማን ሊከለክለው ነው?

የበርበሬ ልጅ

ኧረ በጭራሽ ወንድሜ። ብራንዱ ሌላ ነው። «ዘጌ» የሚለው ከሥር ቡናው የተገኘበትን ለመግለጽ ነው የተጻፈው። ቡናውንም የምንገዛው ከእናንተው ነው፤ ጀልባ የሚጭነውን ጠይቅ።

ሕግ ቀመስ

የዘጌ ልጅ ትክክል ነህ፤ ሕጉም በአብዛኛው ከአንተ ጋር ነው። ቡናው የመጣበትን ቦታ ብቻ የሚናገር ስም ለአንድ ነጋዴ ምልክት እንዲሆን የምዝገባ መሥሪያ ቤቱ መርማሪዎች በቀላሉ አይፈቅዱም። ቡናው ከዚያ ካልመጣ ደግሞ አሳሳች ይሆናል። ሲዳሞና ሐረርም መጀመሪያ ያስቸገሩት የቡና ዓይነት መጠሪያ ናቸው ተብለው ነው። የበርበሬ ልጅ፣ ጠበቃሽ ሎጎውን እንዳለ ሲያስገባ «ዘጌ» በሚለው ቃል ላይ ብቻውን መብት እንደማትጠይቂ ሊጻፍ ይችላል። አትደንግጪ፤ የአንቺ የሆነው አልተነካም።

«ጣና»፣ «ዓባይ»፣ «ባሕር ዳር» እያልን ሁላችን አንድ ዓይነት ስም የምናወጣ ሰዎችም እዚህ ላይ ብናስብበት ደግ ነው። ሐይቁ ዳር ስንት «ጣና» የሚል ሱቅ እንዳለ የምታውቁት ነው።

ባለባጃጁ

የእኔም ባጃጅ «የጣና ንጉሥ» ነው የሚለው። አሜሪካ አልልከውም፤ ተዉኝ 😄

ዱባይ ያለሁት

እኔ ከዕቃው ይልቅ የምፈራላችሁ ፓኬቱን ነው። ማሸጊያውን የት ነው የምታሳትሚው? ቻይና ከሆነ ጠንቀቅ በይ። ቻይና ቀድሞ ላመለከተ ነው የምትሰጠው። ፋብሪካው ሎጎሽን በጥሩ ጥራት ፋይል ልከሽለታል፤ ከዚያ እሱ ወይም ደላላው ቢያስመዘግበው፣ ማሸጊያሽ ከቻይና ሲወጣ ጉምሩክ ላይ ሊያስይዝብሽ ይችላል። እዚያ ባትሸጪም የምታሳትሚበት አገር ስለሆነ ይመለከትሻል። ኤምሬትስም በምዝገባ ነው የምትሄደው። እዚህ አንድ ሀበሻ ሱቅ መደርደሪያ ላይ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው የሁለት የተለያዩ ሰዎች በርበሬዎች ጎን ለጎን አይቻለሁ። የትኛው ቀድሞ እንደነበር ገዢው አያውቅም፤ ርካሹን ያነሳል።

ደሞ የማድሪድ ሥርዓት የሚባል አለ፤ በአንድ ማመልከቻ ብዙ አገር መምረጥ ይቻላል ይላሉ። እሱስ?

ሕግ ቀመስ

አለ። ግን በአገርሽ ምዝገባ ወይም ማመልከቻ ላይ የሚንጠለጠል ነው፤ መነሻው በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ከወደቀ ሌላውም አብሮ ይወድቃል። አመልካቹም ከአባል አገር መሆን አለበት። አንድ ማመልከቻ ቢሆንም እያንዳንዱ አገር ለብቻው መርምሮ ነው የሚፈቅደው። ለአንድ አገር ብቻ ለሚያስብ ሰው ቀጥታ ማመልከት ይቀላል። ኢትዮጵያ አባል መሆን አለመሆኗን ባለሥልጣኑን ሳትጠይቂ «ዓለም አቀፍ ሰርተፊኬት አወጣልሻለሁ» ለሚል ደላላ ሳንቲም እንዳትከፍይ። ዓለምን በሙሉ የሚሸፍን ሰርተፊኬት የሚባል ነገር የለም።

የበርበሬ ልጅ

ዛሬ ደወልኩለት። በእርጋታ ነው ያወራሁት፤ የአክስቴ ባልም ጎኔ ነበር። «ስሙ በእኛ ድርጅት ስም ይገባል፤ የጠበቃውን ወጪ እንካፈላለን» አልኩት። መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ ምን አለኝ፦ «እኔ በየሱቁ ዞሬ፣ ናሙና በነጻ ሰጥቼ ገበያውን ከከፈትኩ በኋላ አንቺ ለሌላ አከፋፋይ ብትሰጪስ? እኔ ምን ዋስትና አለኝ?»

እውነት ለመናገር አሳዘነኝ። ልክም ነው።

ሕግ ቀመስ

ይኸውልሽ! የፈለገው ስሙን ሳይሆን ዋስትና ነው። ዋስትናውን በስሙ መስጠት የለብሽም፤ በውል ስጪው። ብቸኛ አከፋፋይ አድርጊው። ለየትኛው ግዛት፣ ለስንት ዓመት፣ በዓመት ቢያንስ ስንት ኪሎ ከወሰደ ይቀጥላል የሚለው ይጻፍ። ኪሎው ካልሞላ ብቸኝነቱ ይቀራል። ይህ እሱንም አንቺንም ያስተማምናል።

ውሉ ውስጥ ደግሞ እነዚህን አስገቢ፦ ስሙና ሎጎው የአንቺ ነው፤ እሱ የሚጠቀምበት በፈቃድሽ ነው። በማንኛውም አገር፣ በሚመሳሰል ስምም ቢሆን፣ በራሱ ስም አያስመዘግብም። ፓኬቱን ፈትቶ በሌላ አያሽግም፤ ሌላ ሽሮ አይቀላቅልም፤ ጥራቱን የመቆጣጠር መብት የአንቺ ነው። ውሉ ሲያበቃ በእጁ የቀረውን ዕቃ በስንት ወር ሸጦ እንደሚጨርስም ይጻፍ፤ ብዙ ጠብ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። ክርክር ቢነሳ የት አገር እንደሚታይም እንዳትረሺ።

ሸማ ሻጭ

በራሱ ስም ድረ ገጽ እንዳይከፍትም ይጨመርበት። የአጎቴ ልጅ ገጹንም ነው የተነጠቀው።

ባለባጃጁ

እሺ ተሸነፍኩ፤ ግን ሰውየው ሌባ አልነበረም ብዬ ነበር። 😏

ጢስ ዓባይ

አንተስ ማን ሌባ ነው አለህ።

የበርበሬ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ለአገር ውስጡ ምዝገባ አዲስ አበባ ሰነድ እልካለሁ። የመጀመሪያውን ካርጎ የአሜሪካው ማመልከቻ እስኪገባ አቆየዋለሁ፤ እናቴ «በርበሬው ይነቅዛል» እያለች ነው፤ አይነቅዝም። ፓኬቱን የምናሳትመው ቻይና ነው፤ ዱባይ ያለኸው፣ የቻይና ወኪል ታውቅ እንደሆነ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

አንድ ነገር ግን ሸማ ሻጭ ስለ ገጽ ሲያነሳ ትዝ አለኝ። የቲክቶክ ገጻችንን የከፈተልን ያው አከፋፋዩ ነው። ፓስወርዱ እሱ ጋ ነው ያለው።

ሸማ ሻጭ

በይ ውሉን ከመፈረምሽ በፊት እሱን ተቀበይ። የተከፈተበት ኢሜይልና ስልክ ቁጥርም ወደ አንቺ ይቀየር፤ ፓስወርድ ብቻውን ዋጋ የለውም።